ደበሎ፣ ካኪና አጭር ጉርድ

ባለፉት ስድሳና ሰባ ዓመታት ስለ ተማሪ አለባበስ በአማርኛ የተጻፈውን ሁሉ፣ የጋዜጣውን አስተያየት፣ የትምህርት ቤቱን ማስታወቂያ፣ የልብ ወለዱን ገጽና የተማሪውን በራሪ ወረቀት ባንድ ላይ ሰብስቦ የሚያነብ ሰው ቢገኝ፣ አንድ ነገር ሳያስገርመው የሚቀር አይመስለኝም። ይኸውም ስለ ቀሚሱ ርዝመት የተጻፈው እጅግ ብዙ፣ ስለ ቀሚሱ ዋጋ የተጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ሆኖ መገኘቱ ነው። ጉርዱ ከጉልበት በላይ ነው ወይስ በታች፣ ሱሪው ይጠብባል ወይስ ይሰፋል፣ ጠጉሩ ጎፍሯል ወይስ ተከርክሟል እየተባለ ብዙ ቀለም ፈስሷል። ልብሱን ማን ገዛው፣ በምን ገንዘብ ገዛው፣ ስንት ዓመት በልጁ ገላ ላይ ዋለ፣ ማታ ታጥቦ ሳይደርቅ የነጋበት ተማሪስ ምን አደረገ ብሎ የጠየቀ ጸሐፊ ግን፣ እስካነበብሁት ድረስ፣ በጣት የሚቈጠር ነው። ጉድለቱ የአለባበስ ጉድለት ቢሆን ኖሮ ለልብስ ሰፊዎች በተውነው ነበር። ነገር ግን የአነባበብ ጉድለት ነውና በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ መነሣቱ ከቦታው የወጣ አይሆንም።

ልብስ ይነበባል። አባቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ስለ ነበር ነጠላው እንዴት እንደ ተጣፋ በማየት ብቻ ሰውየው ወደ ለቅሶ ይሄድ እንደ ሆነ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሳለም እንደ ሆነ፣ ወይም በጌታ ፊት ለመቆም አደግድጎ እንደ ሆነ ሳይጠይቁ ይረዱት ነበር። ተረታቸውም ከጨርቅ ብዙ የራቀ አይደለም። «ዕራቁቱን ለተወለደ ጥብቆ መች አነሰው» ይላሉ። ይህ ተረት ሁለት ፊት ያለው ነው። ባንድ ፊቱ ያገኘኸውን አመስግነህ ልበስ ይላል፤ በሌላው ፊቱ ግን ጥብቆ የለበሰው ልጅ ከዚያ የሚበልጥ እንዳይመኝ አፉን ያስይዘዋል። የተማሪን ልብስ ነገር የሚመረምር ሰው ከዚሁ ተረት ቢነሣ መልካም ነው፤ ምክንያቱም በትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ «ጥብቆህ አንሷል፤ ተመለስ» የሚል ሰው የተፈጠረው ተረቱ ከተነገረ ከብዙ ዘመን በኋላ ነውና።

በአገራችን የመጀመሪያው የተማሪ ደንብ ልብስ ደበሎ ነው ብል የሚቃወመኝ ያለ አይመስለኝም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከመከፈቱ ከብዙ ዘመናት አስቀድሞ የቆሎ ተማሪ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት ሲሻገር፣ የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ደበሎውን በትከሻው ላይ ጥሎ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ የውሻ መከላከያ በትሩን ጨብጦ ነበር። የዚህን ልብስ ደንብ በወረቀት የጻፈው ዲሬክተር፣ በደጅ ቆሞም የሚለካው ዘበኛ አልነበረም። ሆኖም ከጎጃም እስከ ጎንደር፣ ከላስታ እስከ ሸዋ ማናቸውም ባላገር ከሩቅ ሲያየው «ተማሪ መጣ» ለማለት አይሳሳትም ነበር። ልጁ በደጃፍ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የቤቱ እመቤት ማን እንደ ሆነ አትጠይቀውም፤ ደበሎው ነግሯታልና።

የደበሎ ትልቁ ነገር ግን መታወቂያነቱ አይደለም። የባለጸጋው ልጅ ትምህርት የፈለገ እንደ ሆነ ካባቱ ቤት ወጥቶ፣ ኩታውን አስቀምጦ፣ እንደ ድኃው ልጅ ደበሎ መልበሱና እንደ ድኃው ልጅ ለምኖ መብላቱ ነው። ልመናው ለብዙው የችግር ምልክት ቢሆንም ለባለጸጋው ልጅ የትሕትና ትምህርት ነበር። እንግዲህ ደበሎ ተማሪዎችን የሚያስተካክለው ከላይ ያለውን ወደ ታች በማውረድ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሰው በዛብህን ያስታውሰዋል፤ የዚህ ዓይነቱን ተማሪ ኑሮ፣ ረኃቡንም ኩራቱንም፣ ለዘመናዊው አንባቢ ካቀረቡት መጻሕፍት መካከል ይህን የሚተካከል መኖሩን እጠራጠራለሁ። በዚያ መጽሐፍ የተማሪነት ልብስ ማፈሪያ አይደለም፤ ማፈሪያ የሚሆነው የትውልድ ደረጃ ከትምህርት በልጦ በሚከበርበት ጌቶች ቤት ሲደርስ ነው።

ይህን ስል ያለፈው ሁሉ መልካም ነበር ለማለት አይደለም። ደበሎ ብርድ አያስጥልም፤ ተባይ ይሰበስባል፤ ባለ ደበሎውን ውሻ ነክሶታል፤ ወረርሽኝ በገባ ጊዜም ካገር ቤቱ ርቆ በመቃብር ቤት የቀረው ብዙ ነው። ይልቁንም ደበሎ የወንድ ልብስ ነው። እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያለች፣ ዓይነ ስውር ሆና ቅኔ ተምራ ቅኔ ያስተማረች ሴት በጎጃም ብትነሣም እርሷን የምንጠቅሳት ልዩ ስለ ሆነች ነው። ብዙዎቹ እኅቶቿ ደበሎም አልደረሳቸው፤ የሚለብሱት የተማሪ ልብስ ስላልነበረ ስለ ልብሳቸው የሚከራከርም አልነበረም።

ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፣ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፈቱ። ከጣሊያን ወረራ ቀደም ብሎም በእቴጌ መነን ስም የሴቶች ትምህርት ቤት ተቋቋመ። የልጆቹ እጀ ጠባብና ተነፋነፍ ሱሪ ቀስ በቀስ በኮትና በቁምጣ ተለወጠ። ስለ ነጻነቱ ዘመን ግን ጥቂት ቆም ብሎ መናገር ያስፈልጋል፤ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ መንግሥት ትምህርትን እንደ ገና ሲያቋቁም የአዳሪ ትምህርት ቤት ልጆች መኝታቸውንም ምግባቸውንም ልብሳቸውንም ከዚያው ያገኙ ነበር። ካኪ የሚባለው የወታደር ጨርቅ የተማሪ ጨርቅ የሆነው በዚህ ጊዜ ነው። ካኪ ጠንካራ ነው፤ እድፍ ቶሎ አያሳይም፤ ልጁም ሲለብሰው ወላጁን ኪሱን አያስዳብስም። የልብሱ ዋጋ በመንግሥት ትከሻ ላይ ነበርና በተማሪው ትከሻ ላይ የቀረው ልብሱ ብቻ ነበር።

በኋላ ግን ትምህርት ቤቱ በዛ፤ የቀን ተማሪው ከአዳሪው እጅግ በለጠ። ደንቡ ሲቀር የደንቡ ከፋይ ተለወጠ። «ተማሪዎች በልብስ እንዳይበላለጡ አንድ ዓይነት ይልበሱ» የሚለው ሐሳብ መልካም ሐሳብ ነው፤ በበኩሌ አላፌዝበትም። ነገር ግን ይህ ማስተካከል ከደበሎው ማስተካከል ጋር በስም እንጂ በአሠራር አይገናኝም። ደበሎ ባለጸጋው እንዲወርድ ይጠይቃል፤ ደንብ ልብስ ድኃው እንዲወጣ ይጠይቃል። መወጣጫውን ለሚያቀርብ ሰው ካልተሰጠ በቀር ደንቡ የሚያስተካክለው አስቀድሞ የተስተካከሉትን ብቻ ነው።

ከዚህም የሚብስ አለ። ልጆች የተለያየ ልብስ በለበሱ ጊዜ ድህነት መደበቂያ ያገኛል። አንዱ ያባቱን ኮት አሳጥሮ፣ አንዱ ከሰልባጅ ተራ የተገዛ ሹራብ፣ አንዱ የሸማ ቁምጣ ለብሶ ቢመጣ፣ ማንኛው ድኃ እንደ ሆነ ለማወቅ ጥቂት ማስተዋል ይጠይቃል። ሁሉም አንድ ጨርቅ፣ አንድ ቀለም በለበሱ ጊዜ ግን የነጣው ከደመቀው፣ የተጣፈው ካልተጣፈው ጎን ለጎን ይሰለፋል። ቀለሙ አንድ ስለ ሆነ ልዩነቱ ይለካል። ሦስት ቅያሬ ያለው ልጅ ልብስ ሦስት ዓመት ይደምቃል፤ አንድ ብቻ ያለው ልጅ ማታ አጥቦ፣ በምድጃ ዳር አንጠልጥሎ፣ ማለዳ በከሰል ካውያ እያደረቀ ስለሚለብሰው በመጀመሪያው መንፈቅ መጨረሻ ላይ ክርኑ ያብረቀርቃል፤ በሁለተኛው ይሳሳል። በእጄ ባለ አንድ የ1964 ዓ.ም. የክፍል ፎቶግራፍ አርባ ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ቆመዋል። ፎቶግራፉ ጥቁርና ነጭ ነው። ቢሆንም ከአርባ ሁለቱ መካከል አዲስ ልብስ ያሰፉት እነማን እንደ ሆኑ፣ የታላቅ ወንድማቸውን የወረሱት እነማን እንደ ሆኑ ማንም ሰው ባንድ አፍታ ለይቶ ሊናገር ይችላል። ጫማውን እንኳ አላነሣሁም፤ ባለ ቆዳ ጫማዎቹ ከፊት ተቀምጠዋል፣ ባለ ሸራና ባለ በረባሶዎቹ ከኋላቸው ናቸው፣ ባዶ እግር የሆኑት በመጨረሻው ረድፍ አግዳሚ ላይ ቆመዋል። ፎቶግራፍ አንሺው ቁመታችንን አይቶ የደረደረን መስሎን ነበር።

በዚያ ዘመን የገና ዕለት በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ለልጆች ሹራብና ብርቱካን ይታደል እንደ ነበር ዛሬም የሚያወሱ ሽማግሌዎች አሉ። ያን ሹራብ የለበሰ ልጅ ደስታው እውነተኛ ነው። ስጦታ ግን በዓመት አንድ ቀን ይመጣል፤ ደንብ ዓመቱን በሙሉ በር ላይ ይቆማል።

ስለ ፋሽን እንነጋገር። በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባሎች ለማስተማር መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ተበታተኑ። በዚያው ዓመት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተና ከተማይቱ የእንግዳ ከተማ ሆነች። ሲኒማው፣ ሸክላው፣ የውጭ አገር መጽሔቱ የየበኩሉን ሲያመጣ፣ በለንደን የተነሣው አጭር ጉርድ ብዙ ሳይቆይ ወደ ፒያሳ ደረሰ። ስሙም ሳይተረጐም «ሚኒ» ተብሎ ቀረ። የወንዶቹ ሱሪ ቀድሞ ቦላሌ ሆኖ ሲንዘላዘል ኖሮ፣ ከዚያ እግር እስከማያስገባ ድረስ ጠበበ፤ ቀጥሎም ቤልቦተም ሆኖ ከጉልበት በታች ሰፋ። በክረምት ቤልቦተም ለብሶ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ በእግሩ የወጣ ሰው የመንገዱን ጭቃ ምን ያህል ለማዘጋጃ ቤቱ እንደ ጠረገለት እርሱና አጣቢው ያውቁታል። ጠጉርም አፍሮ ሆነ። ይህ ሁሉ ተነቅፏል። ቢሆንም በወንዱ ሱሪ ምክንያት የተነሣው ነቀፌታ ከቀልድ ብዙም አላለፈም፤ ወደ ቁጣ የተለወጠው የሴቷ ጉርድ ላይ ሲደርስ ነው።

መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በራስ መኰንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ተሰናዳ። ተቃዋሚ ተማሪዎች በደጃፉ ተሰብስበው ወደ አዳራሹ የሚገቡትን እንግዶችና ሴት ተማሪዎች በስድብና በዕንቁላል ተቀበሏቸው። ፖሊስ ገባ፤ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ነገሩ ከልብስ ወደ ፖለቲካ ተሻግሮ በሚከተሉት ቀናት ሰልፍ ሆነ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። ስለ ተማሪው እንቅስቃሴ የሚጽፉ ሁሉ ይህን ቀን ሳያነሡ አያልፉም፤ ብዙዎቹ የሚያነሡት ግን ለሚቀጥለው ትልቅ ነገር እንደ መሸጋገሪያ አድርገው ነው። እኔ እዚያው ድልድዩ ላይ ጥቂት መቆም እፈልጋለሁ።

የተቃዋሚዎቹን ክርክር ንቆ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። እነዚህ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት፣ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ለማኞች ተሰብስበው በሾላ መታጐራቸውን ሰምተው ድህነት ወንጀል ነው ወይ ብለው የጠየቁት ተማሪዎች ጓደኞች ናቸው። ባላገሩ ገላውን የሚሸፍንበት አቡጀዲ አጥቶ ሳለ የአውሮፓን ፋሽን በአዳራሽ ማሳየት በድኃ ላይ መሳለቅ ነው፣ የባህልም ወረራ ነው ማለታቸው መሠረት የሌለው አልነበረም። እንዲያውም ልብ ብሎ ላየው ሰው ክርክራቸው የርዝመት ሳይሆን የዋጋ ክርክር ነበር። የተማሪ ልብስ በዋጋው በኩል የተነበበበት ጊዜ ጥቂት ነው ያልሁትን አስታውሱ፤ ይህ ከጥቂቶቹ አንዱ ሊሆን ተቃርቦ ነበር።

ዕንቁላሉ ግን በዋጋው ላይ አልተወረወረም። ጨርቁን በመርከብ ያስጫነው ነጋዴ፣ የባላገሩን ሲሶና እርቦ የሚበላው ባለርስት፣ ትርኢቱን የፈቀደው ባለሥልጣን በዚያ ዕለት ዕንቁላል አልነካቸውም። የነካው በዚያን ጊዜ ከወንዶቹ ጋር ሲተያዩ እጅግ ጥቂት የነበሩትን ሴት ተማሪዎች ነው። ኮትና ክራቫትም ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ክራቫት የባህል ወረራ ነው ተብሎ ዕንቁላል የተወረወረበት ወንድ መኖሩን ግን አልሰማሁም። ከመኳንንቱም ከካህናቱም ጋር በአንዲት ነገር እንኳ ያልተስማማው የግራ ክንፍ ተማሪ፣ ነገሩ የሴት ልጅ ጉልበት ሲሆን ጊዜ ከሁለቱም ጋር ባንድ መስመር ቆመ። ሽማግሌው «ነውር» ያለውን ወጣቱ «ኢምፔሪያሊዝም» አለው፤ ቃሉ ተለወጠ፤ ጣቱ የተቀሰረው ወደዚያችው ልጅ ነው። ስለ ቀሚሷ ያን ያህል ሲጻፍ ደግሞ ብዕሩን የያዘው ወንድ ነበር ብል ብዙ የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አልነበረም። በታንዛንያ የገዢው ፓርቲ የወጣቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1968 ዘመቻ አውጆ ከጥር 1 ቀን 1969 ጀምሮ ሚኒ፣ ዊግና ጠባብ ሱሪ እንዳይለበስ ከለከለ፤ ይህ የሆነው በሶሻሊዝም ስም ነው። በማላዊ ደግሞ ከሶሻሊዝም ጋር ምንም ዝምድና ያልነበረው የዶክተር ባንዳ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ሕግ አጭር ቀሚስንና የሴትን ሱሪ አገደ። ሁለቱ መንግሥታት የማይገናኙ መንገደኞች ነበሩ፤ የተገናኙት በልብስ ሰፊው ሜትር ላይ ነው።

ወደ ደራሲዎቻችን ልመለስ። በዚያ ዘመን ከተጻፉት ልብ ወለዶች ውስጥ ባንዳንዶቹ አጭር ጉርድ የለበሰች ተማሪ ስትገባ አንባቢ መጨረሻዋን ወዲያው ያውቀዋል። ደራሲው ልጅቱን ሊያሳየን ሲነሣ ከቀሚሷ ጫፍ ይጀምርና እዚያው ይቀራል፤ ቀሚሱ ምስክር ሆኖ ይቀርባል፣ ዳኛም ሆኖ ይፈርዳል። ልጅቱ በምን ሂሳብ እንደምትማር፣ ከማን ጋር እንደምታድር፣ መጽሐፍ ታነብ እንደ ሆነ አንሰማም። ጥብቅ ሥነ ምግባር የሌለው ድርሰት ይጻፍ ማለቴ አይደለም። ሰውን ከልብሱ ጫፍ ያላለፈ ንባብ ሰነፍ ንባብ ነው ማለቴ ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላል፤ ደራሲዎቻችን ልጅቱን ሳያናግሯት ፈርደውባታል።

ይህን የምለው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። በወላጆች በዓል ላይ ሚኒን የሚነቅፍ ግጥም ጽፌ አነበብሁና ከፊት የተቀመጡት ሹማምንትና ሽማግሌዎች አጨበጨቡልኝ። ግጥሙን ዛሬ ባስታውሰውም አልጽፈውም። በዓሉ ካለፈ ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ በአንድ ሰኞ ማለዳ ከሰንደቅ ዓላማው ሥር ተሰልፈን ሳለ፣ ተረኛው መምህር ማስመሪያውን ይዞ በሴቶቹ ሰልፍ በኩል አለፈ። ከክፍላችን አንዲት ልጅ ፊት ቆመ። ጉርዷ ከጉልበቷ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሏል።

«ይህ ሚኒ ነው፤ ሂጂና ልብስ ለብሰሽ ነይ» አላት።

እኛ ወንዶቹ ሳቅን። ከኋላዬ አንዱ ከግጥሜ የመጀመሪያውን መስመር ጮክ ብሎ አለ፤ ሳቁ በረታ። ልጅቱ ምንም ሳትመልስ ደብተሯን በደረቷ አቅፋ ወጣች። በአጠገባችን ስታልፍ ጉርዷን በቅርብ አየሁት። ከጫፉ ከፍ ብሎ ባንዱ ጣት ስፋት አንድ ደማቅ መስመር፣ ከዚያም በላይ ሌላ ደማቅ መስመር በዙሪያው ነበር። ጠርዙ ሁለት ጊዜ ተፈትቶ ወደ ታች እንዲረዝም ተደርጓል፤ በእጥፋቱ ውስጥ ተሸሽጎ የነበረው ጨርቅ ፀሐይና ሳሙና ስላልነካው ቀለሙ እንዳለ ነበር። የአምስተኛ ክፍል ልብሷ ነው። እርሷ አደገች፤ ጨርቁ አለቀ። መምህሩ ፋሽን ነው ብሎ የለካው፣ እኔም በግጥሜ የሰደብሁት፣ የእናቷ የጠላ ገቢ ሦስተኛ ልብስ ሳይደርስ መቅረቱን ነበር።

በማግሥቱ መጣች። እናቷ ከጉርዱ ጫፍ ላይ የሌላ ጨርቅ ቁራጭ ቀጥላበት ከጉልበቷ በታች አውርዳዋለች። ቁራጩ ደንቡ ከሚፈቅደው ቀለም ውጭ ስለ ነበር እንደ ገና ተመለሰች። ለጥቂት ቀናት ከአጥሩ ውጭ ከድንጋይ ላይ ተቀምጣ የደወሉን ድምፅ ስትሰማ አየናት፤ ከዚያ በኋላ አላየናትም። የዚያን ዓመት ፈተና አልተፈተነችም። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሂሳብ አጥርቶ ያስተምር ነበር። ያነበበው ርዝመቱን ብቻ ስለ ሆነ፣ ባንድ ጉርድ ላይ ፋሽንና ድህነት አንድ ዓይነት ቁመት ሊኖራቸው እንደሚችል አልታየውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ ወደ ስልሳ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲሰማሩ የዘመቻውን ልብስ ለበሱ። ስለዚያ ዘመቻ ብዙ የሚባል አለ፤ እዚህ ቦታው አይደለም። ከልብስ በኩል ብቻ ስናየው የከተማው ተማሪ ስለ ባላገሩ ጨርቅ ከመጻፍ አልፎ በዓይኑ ያየበት ጊዜ ነው። በ1960 ዓ.ም. በአዳራሹ ደጃፍ የተነሣው ክርክር ከዚያ ቢጀምር ኖሮ ዕንቁላሉ ለመብል ይውል እንደ ነበር እገምታለሁ።

ደንብ ልብስ ይቅር የሚል ሐሳብ የለኝም። ዋጋውን ከልጁ ትከሻ ላይ የሚያነሣው ካለ ደንቡ ካኪው በአዳሪ ትምህርት ቤት የሠራውን መልካም ሥራ ይሠራል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ደንብ ልብስና ደብተር በነጻ ማደል ሲጀምር፣ በጋዜጦቻችን ላይ ብዙው የተጻፈው ስለ ወጪው ብዛት፣ ስለ ልብሱ ቀለምና ስለ ስፌቱ ጥራት ነበር። ይህም መጻፍ አለበት፤ ስፌቱ የተተረተረበት ልጅ ያውቀዋል። እኔ ግን ከደራሲዎቻችን አንዱ ተነሥቶ በዚያ መስከረም ከጎረቤቱ ልጅ ጋር እኩል የደመቀ ልብስ ለብሶ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈውን ልጅ ቢጽፍልኝ እወድ ነበር። እስካሁን አላየሁም። ስለ አጭር ጉርድ የተጻፈውን ያህል ባይሆንም፣ አንድ አጭር ልብ ወለድ የሚወጣው ነገር ነው።

ከአዲስ አበባ ውጭ ግን ልብሱን ዛሬም ወላጅ የሚያሰፋበት ቦታ ብዙ ነው። ባለፈው ጳጉሜን በአንዲት ከተማ ገበያ ውስጥ፣ ዝናብ አስጠልሎኝ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ዳስ ሥር ቆሜ ነበር። አንዲት እናት የዐሥር ዓመት ልጇን ይዛ ገባች፤ ልብስ ሰፊውም ሜትሩን ካንገቱ አውርዶ የልጅቱን ወገብና ቁመት ለካ።

«ወንድሜ፣ ጠርዙን ሦስት ጣት አትርፍልኝ» አለችው።

ልብስ ሰፊው ልጅቱን ከእግር እስከ ራሷ ተመለከታትና ቁጥሩን በጠመኔ በጨርቁ ላይ እየጻፈ፣

«እትዬ፣ ይህችስ ረጅም የምትሆን ነች። አምስት ጣት አተርፍልሻለሁ፤ ለዘንድሮ ብቻ ትንሽ ይከብዳታል» አላት።